የአዲሱ ስፖንጅ ፍራሽ ሽታ የለቀቀን እንዲህ ነው
ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ቤታችን አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ካስገባን ወዲህ መኝታ ቤቱን የሚሰነፍጥ ሽታ ያዘው። ልጄ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ፣ ጉሮሮዋን እየከረከራት ትነሣ ነበር። ዕጣን አጨስን፤ ሽታውን ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም፣ ጭሱም ሳሏን አባሰው። ፀሐይ ላይ ስናሰጣው ደግሞ የስፖንጁ ጠርዝ ቢጫ ሆነ።

ሽታው ፖሊዩሬታን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ከተሠራው ስፖንጅና ከማጣበቂያው የሚተን ኬሚካል ነው፤ ላስቲክ ያፍነዋል፣ የክፍሉ መሞቅ ያፋጥነዋል። የፋብሪካውን ላስቲክ ሙሉ በሙሉ ገፈፍኩ፣ የፍራሹን ልብስ ዚፑን ከፍቼ አውልቄ አጠብኩ፣ ስፖንጁን ጥላ ባለው በረንዳ በጎኑ አቆምኩት። ነፋስ ሁለቱንም ፊት ማግኘት አለበት፤ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንዱ ወገን ታፍኖ ይቀራል። አፍንጫዬን አስጠግቼ ምንም የማይሸተኝ እስኪሆን ድረስ ወደ ውስጥ አላስገባሁትም።

የማይሸት ኬሚካል ግን አለ፤ አንዳንድ ስፖንጅ ላይ የሚጨመረው የእሳት መከላከያ ለምሳሌ። ስለዚህ ለልጄ አልጋ በአቡጀዲ የተሰፋ የጥጥ ፍራሽ አስደረግሁላት።