በመኪና ላይ ያለ የጋዝ ፍሪጅ ተራራም ላይ እንዲሠራ

ከጎንደር ወደ ስሜን የምንወጣበት ፒካፕ ጀርባው ላይ ትንሽ ቤት ተጭናለች። አልጋ፣ ምድጃ፣ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ አላት። አልጋና ምድጃው አስቸግረውኝ አያውቁም። ፍሪጁ ግን አሳሬን አብልቶኛል።

ይህ ዓይነት ፍሪጅ ኮምፕሬሰር የለውም። ከኋላው የምትነድ ትንሽ እሳት አሞኒያና ውሃ ያለበትን ቱቦ ታሞቃለች። አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ሲተን ሙቀቱን ከፍሪጁ ውስጥ ይወስዳል። በእሳት ማቀዝቀዝ!

መጀመሪያ መኪናውን አስተካክላችሁ አቁሙ። ፈሳሹ ወደ ታች የሚመለሰው በራሱ ክብደት ነው፤ መኪናው ካዘመመ መንገድ ላይ ይቀራል። ውሃልክ ፍሪጁ ወለል ላይ አስቀምጡ። ከሌላችሁ ሳህን ውስጥ ውሃ ይበቃል። ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ታኮ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ። እየሄዱ መንገጫገጩ ችግር የለውም።

ፍሪጁ በመብራትም ስለሚሠራ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሌሊት ቤት ውስጥ በ220 ቮልት ሰክታችሁ አቀዝቅዙት። ትኩስ ነገር አታስገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ እሳቷ። ሰማያዊ መሆን አለባት። ቢጫ ከሆነች ወይ ቆሻሻ አለ፣ ወይ አየር አንሷታል። እኔ ደባርቅ ላይ ቢጫ ሆና ሳያት የልብስ መርፌ አውጥቼ ጋዙ የሚወጣባትን ቀዳዳ ወጋሁ። ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አትሞላም፤ ያለችበት ናስም ለስላሳ ነው። ሰፋች፣ ጋዙም በዛ። ጨነቅ የሚባለው የስሜን ካምፕ ስንደርስ የፍሪጁ ጭስ ማውጫ በጥላሸት ተደፍኖ እሳቷ ጠፍታለች። ሌሊቱ ከፍሪጅ ይበርዳል ብዬ ሥጋውን በፌስታል ከመኪናው ጎን ሰቀልኩት። ጠዋት ቁራዎቹ ፌስታሉን ብቻ ትተውልኛል።

ስለዚህ መርፌ አታስጠጉ። ጋዙን ዝጉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ናሷን ፈትታችሁ አልኮል ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉ። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በአየር አስነፏት። የጭስ ማውጫውን ጥላሸት በብሩሽ አውርዱ፤ ማቃጠያውን ግን ቀድማችሁ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ያለዚያ የወረደው ሁሉ እሱ ላይ ይከመራል። የሸረሪት ድርም ፈልጉ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሸረሪት ይህን ቦታ ትወዳለች። ስትገጥሙ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፤ ከአጠገቡ ሸሽቻለሁ።

ጎንደር ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ እሳቷ ትደክማለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች። ያኔ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር አትነካኩ፣ መልሳችሁ ለኩሷት። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡታን ብቻ ከሆነ ደግሞ 0 ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል።

ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊት እሳቷን አጥፉ።

ከፍሪጁ ኋላ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ፣ ወይም አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ፣ ቱቦው ተበስቷል። ጋዙን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ውጡ። «እኔ እበይድልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ቢመጣም አታስነኩት።