የመሪ ፓምፕ እየደጋገመ የሚበላ አሮጌ አይሱዙ፦ ሦስተኛውን ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

መሪው ከበደ ወይም አጉረመረመ ሲባል የብዙ ጋራዥ የመጀመሪያ ፍርድ «ፓምፑ ሞቷል» ነው። ፍርዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አሮጌ ኤንፒአር (የአይሱዙ የጭነት መኪና) በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፓምፕ ከጨረሰ፣ መጠየቅ ያለበት ፓምፑን ምን እንደገደለው ነው። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ ፓምፕ ማምጣት ቀላል ነው። ገዳዩ እዚያው መኪናው ላይ ከተቀመጠ ግን ሦስተኛውም የሁለተኛውን ያህል ዕድሜ አያገኝም።

መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀልለው ፓምፕ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ከግድግዳው ጋር እየተፋተጉ ይዞራሉ። የሚያለሰልሳቸውም የሚያቀዘቅዛቸውም ራሱ የሚገፉት ዘይት ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ፣ አየር ከያዘ ወይም ከተቃጠለ ፓምፑ አለቀለት። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱ።

ትንሽ ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉና በጣት አሹት። ጤነኛ ዘይት ቀላና ጥርት ያለ ነው። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ሙቀት አለ። ወተት ከመሰለ ሞተሩን አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ከጠራ አየር ነበር፣ እንደደፈረሰ ከቀረ ውሃ ገብቷል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካያችሁ ማግኔት አስጠጉ፤ የሚይዘው ከሆነ የብረት መበላት ነው። ጥቁር ፍርፋሪ ከሆነ የቱቦ ውስጠኛ ጎማ እየተላጠ ነው፤ ይህን አትናቁት። የውስጡ ጎማ ተላጥቶ ቱቦውን እንደ በር ይዘጋዋል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ቱቦው አዲስ ይመስላል።

ለኤንፒአር መሪ የሚሆነው ዴክስሮን ደረጃ ያለው ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ነው። መንገድ ላይ ሲጎድል የተገኘው ሁሉ ይጨመራል፤ የሞተር ዘይት ለአንድ ቀን ቢያደርስ እንኳ ቶሎ መለወጥ አለበት። የፍሬን ዘይት ግን ፈጽሞ አይነካም። የመሪውን ኦይል ሲሎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) ያሳብጣል፣ ያላሽቃል። አንዴ ከገባ ዘይቱን መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሲሎቹም ይቀየራሉ።

ዘይት ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓምፓችሁ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ የሚያፈሰው ዘይት ውጭ ይታያል። በሞተሩ ጥርስ የሚዞር ከሆነ ግን የዘንጉ ኦይል ሲል ሲበላ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይገባል። የመሪው ዘይት በየሳምንቱ ይጎድላል፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ሳይጨመርበት ከፍ ይላል፣ ይቀጥናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ልክ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሁለት ቀን ከሠራ በኋላ በዚያው ቦታ አወዳድሩ። አንዱ በወረደበት መጠን ሌላው ከወጣ ምክንያቱን አግኝታችኋል። ሲል ስትቀይሩ ዘንጉን በጥፍር ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው አዲሱ ሲልም አይቆይም። የሞተሩን ዘይትም አብራችሁ ለውጡ፤ በኤቲኤፍ የቀጠነ ዘይት የሞተሩን ብሮንዚን (የክራንክ ዘንጉን የሚሸከመውን ሽፋን) ይበላል።

አየር የሚገባበት ቦታ

ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ መሳቢያ ነው። ሞተሩ ሲሠራ እዚያ ዘይት ከመውጣት ይልቅ አየር ይገባል፤ ስለዚህ ደረቅ መሆኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አስነስታችሁ በቱቦው ማሰሪያ ፋሼታ ዙሪያ ትንሽ ኤቲኤፍ አፍስሱ። ጩኸቱ ለአፍታ ከተለወጠ በዚያ በኩል እየሳበ ነው። ቱቦውን ስትቀይሩ ዘይት የሚቋቋምና ውፍረቱ ከድሮው ጋር እኩል የሆነ ይሁን። የራዲያተር ውሃ ቱቦ ቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው፤ እሱ ግን በዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ሲሳብ ይጣበቃል። ያኔ ፓምፑ ዘይት እያጣ ይጮሃል።

ፊት እግሩ ደረቅ ከሆነ

ፓምፑን በሙቀት የሚገድለው ብዙ ጊዜ የደረቀ ኪንግ ፒን (የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ፒን) ነው። የኋላ ጎማዎችን በታኮ ያዙ፣ ፊቱን በክሪክ አንሱና ከአክስሉ ሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ አስገቡ፤ በክሪክ ብቻ ያለ መኪና ሥር አትግቡ። ድራግ ሊንኩን (ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ) ከፒትማን አርሙ (ከስቴሪንግ ቦክሱ ከሚወጣው ክንድ) ፍቱና ጎማውን በእጅ ግራና ቀኝ ግፉት። ትግል ሳያስፈልገው መሄድ አለበት። የሚታገል ከሆነ ጥፋቱ ከታች ነው። ግሪስ ስትሰጡ ጎማው ከመሬት እንደተነሳ ይሁን፤ ክብደት ከተጫነበት ግሪሱ ወደ ታችኛው ኩሽኔታ አይገባም። አሮጌው ግሪስ ከላይም ከታችም እስኪወጣ ድረስ ስጡ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከወጣ መንገዱ ተደፍኗል።

ድራግ ሊንኩ እንደተፈታ መሪውንም አዙሩት። በአንድ ዙር ሁለቴ ከበድ ቀለል የሚል ከሆነ ከካቢናው ሥር ያለው የመሪ ዘንግ ክሮስ (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ) ዝጓል።

ቴስቲኒ (የመሪ ዘንጎች ጫፍ መገጣጠሚያ)፣ የጎማ አየርና ጭነትም አይረሱ። ከልኩ በላይ ጭኖ የአባይ በረሃን ጥምዝ በዝግታ የሚወጣ መኪና፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እያለ ከመሪው ብዙ ጉልበት ይጠየቃል፤ ዘይቱ የሚፈላው እዚያ ነው። ቆሞ መሪ መጠምዘዝና መጨረሻ ላይ ይዞ መቆየትም ያው ነው። ከ5 ሰከንድ በላይ መጨረሻው ላይ አትያዙት።

ፓምፑ ነው ወይስ ስቴሪንግ ቦክሱ?

በግምት አትፍረዱ። በፓምፑና በቦክሱ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማ በሚያስተላልፈው ሳጥን) መካከል መዝጊያ ያለው የግፊት ጌጅ ይገጠማል። መሪው ቀጥ ብሎ፣ መዝጊያው ክፍት ሆኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ግፊቱ ዝቅተኛ መሆን አለበት። ከ10 ባር አካባቢ ካለፈ መመለሻው ታፍኗል፦ የተጣጠፈ ቱቦ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ ይኖራል። ይህ የቦክሱን ሲልም ደጋግሞ ያፈነዳል። ከዚያ መዝጊያውን ቢበዛ ለ5 ሰከንድ ዝጉት። ግፊቱ በማንዋሉ የተጻፈውን ከደረሰ ፓምፑ ደህና ነው፣ ቦክሱ ውስጥ ለውስጥ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ካልደረሰ ከመግዛታችሁ በፊት የፓምፑን ቫልቭ አውጡ፤ በቆሻሻ ተይዞ ይሆናል። በአንድ በኩል ብቻ የሚከብድ መሪ አብዛኛውን ጊዜ የቦክስ ጉዳይ ነው።

የመሪ ጨዋታ ሲበዛ የቦክሱን ማስተካከያ ቡሎን ማጥበቅ ሌላ ወጥመድ ነው። ጨዋታው ከቴስቲኒ ሊሆን ይችላል። ማጥበቅ ካለበትም መሪው መሐል ላይ ሆኖ፣ ድራግ ሊንኩ ተፈትቶ፣ በሩብ ዙር ብቻ። ከልክ በላይ ከጠበቀ መሪው ከጥምዝ በኋላ አይመለስም።

አዲስ ፓምፕ ሲገባ

ብረት የበላ ፓምፕ ፍርፋሪውን ወደ ቦክሱ ልኮታል። ሳይታጠብ አዲስ ከገጠማችሁ ያው ፍርፋሪ ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱንም ቱቦ ፍቱ፣ ፊት ጎማዎቹ ተነስተው ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጫፍ ጫፍ እያዞራችሁ ቦክሱን አራግፉ። ፍርፋሪው ብዙ ከሆነ ቦክሱ ተፈትቶ ይጸዳ። ማጠራቀሚያውን አውርዳችሁ በናፍጣ እጠቡና በደንብ አድርቁ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ። የግፊት ቱቦው ያረጀ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

ጥርሱን ወይም ፑሊውን በመዶሻ ወደ ዘንጉ አትምቱ፤ ምቱ ውስጥ ያለውን ይሰብራል። በፕሬስ ወይም በቡሎን ይሳብ። የቧንቧ ማሸጊያ ቴፕም አትጠቀሙ፤ ቅዳጁ ቫልቩን ይይዛል። ኦሪንግ ወይም የመዳብ ሮንዴላ ይበቃል።

ከዚያ የመመለሻውን ቱቦ ባልዲ ውስጥ አድርጉ፣ የማጠራቀሚያውን የመመለሻ አፍ ድፈኑ፣ ዘይት ሙሉ። አንዱ ሞተሩን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ ያስነሳል፣ ሌላው ይሞላል። ጥርት ያለ ዘይት እስኪወጣ ይደገም፤ 2 ሊትር ያህል ይሄዳል። ማጠራቀሚያው ለአፍታም ባዶ አይሁን።

ቱቦውን መልሳችሁ ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ ጫፍ ቢያንስ 10 ጊዜ አዙሩ፣ ሲጎድል ጨምሩ። ከዚያ በሚኒሞ አስነስታችሁ ድገሙት። አረፋ ካለ አጥፍታችሁ አሳርፉትና እንደገና ጀምሩ። የሚያፈስ ቦታ ስትፈልጉ በካርቶን እንጂ በእጅ አትዳስሱ፤ ከግፊት ቱቦ የሚረጭ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ፊልትሮውን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ብናኝ ከተገኘ ዘይቱ እንደገና ይቀየራል።