ፕሮፌሽናል የስኑከር ተጫዋች ለመሆን ምን ማለፍ ያስፈልጋል?

ፑል ቤት ማንንም የሚያሸንፍ ልጅ ስኑከር ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ግራ ይጋባል። ጠረጴዛው ርዝመቱ 3.57 ሜትር፣ ወርዱ 1.78 ሜትር ገደማ ነው። የቀዳዳዎቹ አፍ ጠባብና ክብ ያለ ስለሆነ ትንሽ የሳተ ኳስ ነካክቶ ይመለሳል። ስለዚህ ጉዞው የሚጀምረው ትልቁን ጠረጴዛ በመልመድ ነው።

መጀመሪያ ነጩን ኳስ መግራት ተማሩ። ማስገባቱን ብዙ ሰው ይችላል፤ ከባዱ ነጩን ለቀጣዩ ምት የሚመች ቦታ ላይ ማቆም ነው። ፕሮፌሽናሎችም የማይተዉት አንድ ልምምድ አለ። ቀዮቹን በጠረጴዛው መሐል በአንድ ቀጥታ መስመር ትደረድራላችሁ፤ ባለቀለሞቹ (ከቀይና ከነጭ ውጭ ያሉት ስድስት ኳሶች) በየቦታቸው ይቀመጣሉ። አንድ ቀይ፣ ከዚያ ባለቀለም፣ እንደገና ቀይ እያላችሁ ሳትስቱ ለመጨረስ ትሞክራላችሁ። ለጀማሪ አምስት ቀይ ይበቃል። ጥቁሩን ስትመቱ ነጩ በትንሹ ወደ ጎን ዘወር ብሎ መቆሙን አረጋግጡ። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከቆመ ጥቁሩ ይገባል፣ ነጩ ግን ወደፊት ወይም ወደኋላ እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ቀጣዩ ቀይም ያመልጣችኋል። 15ቱንም ቀይ ከጥቁር ጋር፣ ከዚያም ስድስቱን ባለቀለሞች በተራ ያስገባ በስኑከር ሙሉ ነጥብ የሚባለውን 147 ያገኛል። እዚያ የሚደረሰው በእንዲህ ዓይነት አሰልቺ ድግግሞሽ ነው።

ቀጥሎ ከእናንተ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ተጫወቱ። ብቻችሁን ስትለማመዱ መከላከልን አትማሩም። ነጩን ከሌላ ኳስ ጀርባ ደብቆ ባላጋራን ማስጨነቅ የሚለመደው ተሸንፎ ነው።

ከዚያ የቱር ካርድ፣ ማለትም በፕሮፌሽናሎች ውድድሮች የመጫወት ፈቃድ፣ ማግኘት ይመጣል። የዓለም ስኑከር ቱር ካርድ የሚሰጠው ለሁለት የውድድር ዓመት ነው። አንዱ በር ከ2011 ጀምሮ የሚካሄደው ኪው ስኩል የተባለ የማጣሪያ ውድድር ነው። በአማተርና በአህጉር ሻምፒዮናዎችም ካርድ ይገኛል፤ የአፍሪካ ሻምፒዮናም ለአሸናፊዎቹ ካርድ ሲያስገኝ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ልጅ ቀረብ የሚለው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ካርዱን ሲያገኝ ጨረስኩ ይላል። እኔ ግን ዋናው ፈተና ያኔ ነው የሚጀምረው ባይ ነኝ። እንደ እግር ኳስ ክለብ ደሞዝ የሚከፍል የለም። ደረጃ የሚወጣው ባለፉት ሁለት ዓመታት በተገኘ የሽልማት ገንዘብ ነው። አዲስ ገቢ ከዜሮ ይነሳል፣ ነባሮቹ ግን ያለፈውን ዓመት ገንዘባቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ከመጀመሪያዎቹ 64 ውስጥ ያልገባ በአብዛኛው ካርዱን ያጣል። ትኬት፣ ሆቴልና የልምምድ ቦታ ደግሞ ከራስ ኪስ ነው። ብዙ ቻይናውያን ተጫዋቾች እንግሊዝ ሸፊልድ ከተማ ሄደው የሚኖሩት ለውድድሩም ለልምምዱም ስለሚቀርባቸው ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የሁለት ዓመት ወጪ የሚሸፍን ሰው ወይም ስፖንሰር ፈልጉ።

ውርርድን በተመለከተ ደግሞ ቀልድ የለም። ፕሮፌሽናል ተጫዋች በስኑከር ላይ መወራረድ አይችልም፣ በገዛ ጨዋታው ላይ ባይሆንም እንኳ። በ2023 አሥር ቻይናውያን ተጫዋቾች ከጨዋታ ማጭበርበር ጋር በተያያዘ ጉዳይ ተቀጡ፤ ሁለቱ ዕድሜ ልክ ታገዱ። ከአሥሩ አንዱ ዣኦ ሺንቶንግ ራሱ ጨዋታ ባይሸጥም በመወራረዱና በሌላ ተጫዋች ማጭበርበር ውስጥ በመግባቱ 20 ወር ታገደ። ቤቲንግ በየሰፈሩ በተከፈተበት ዘመን ይህን ገና በልጅነት ማወቅ ያስፈልጋል።

ዣኦ ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ አማተር ነበር። በ2025 የዓለም ሻምፒዮና አራት የማጣሪያ ዙር አልፎ ዋናው ውድድር ወደሚካሄድበት ሸፊልድ ክሩሲብል ቴአትር ገባ። በፍጻሜው ማርክ ዊልያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ የመጀመሪያው ቻይናዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 500,000 ፓውንድም ተሸለመ።