ቀይ መብራቱ ብልጭ ሲል፦ የቤት ፋይበር ኢንተርኔት ብልሽትን ከምልክቱ ተነሥቶ መለየት

ጂፖን በተባለው፣ አንድን የፋይበር መስመር ለብዙ ቤቶች በሚያካፍል ቴክኖሎጂ በሚሠራ የቤት መስመር ከአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር፣ ከቤት የሚመለሰው ደግሞ 1310 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ሲኖረው፣ ሁለቱም በአንዲት ቀጭን የመስታወት ክር ይተላለፋሉ። በመካከሉ ስፕሊተር የተባለው ዕቃ ብርሃኑን ብዙ ጊዜ ለ32 ደንበኞች ስለሚያከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ሞደሙን ደጋግሞ ከማጥፋትና ከማብራት ሳይሆን፣ ብርሃኑ መድረሱንና ምን ያህል እንደደረሰ ከማወቅ ነው።

የብርሃን መጥፋትን የሚያመለክተው «ሎስ» የሚለው የሞደሙ መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል

ብርሃኑ አልደረሰም፣ ወይም መሣሪያው ሊያነበው ከማይችልበት ደረጃ ወርዷል። ጎረቤቶችም በዚያው ሰዓት ከተቋረጡ ምክንያቱ ውጭ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቁፋሮ የተቆረጠ ኬብል ስለሚሆን ደንበኛው ብልሽቱን ከማስመዝገብ በቀር የሚያደርገው የለም። የተቋረጠው አንድ ቤት ብቻ ከሆነ ግን በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የቤት ውስጥ ገመድ ነው። ከሶፋ ጀርባ የተጣመመ ወይም በር የተዘጋበት ገመድ ሳይሰበርም ብርሃን ያባክናል፤ ብርሃኑ ከክሩ እምብርት ሳይወጣ የሚጓዘው ጠርዙን በጣም አግድም ሆኖ እስከነካ ድረስ ስለሆነ፣ ክሩ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ወደ ውጭ ያመልጣል። ለቤት ውስጥ የሚመረጠው ጂ 657 ኤ1 የተባለው ክር እስከ 10 ሚሊሜትር ራዲየስ መታጠፍን ሲችል፣ የተለመደው ጂ 652 ዲ 30 ሚሊሜትር ይፈልጋል። መፍትሔው ገመዱን ነጻ አውጥቶ በሰፊው መጠቅለል ነው። የተሰበረ ክር ግን በፕላስተር አይጠገንም፤ ባለሙያ በፊውዥን ስፕላይሰር አቅልጦ ይቀጥለዋል፣ በደንብ ከተሠራም በመቀጠያው የሚባክነው ከ0.1 ዲሲቤል (የብርሃን መቀነስ መለኪያ) በታች ነው።

መስመሩ እየሠራ በየጊዜው ሲቆራረጥ

በሞደሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ የተቀባይ ብርሃን መጠን ይታያል። ቢ ፕላስ በሚባለው የጂፖን ደረጃ ተቀባዩ የሚሠራው ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ብርሃኑ ደካማ ነው) ባለው ክልል ነው፤ ንባቡ -26 ከሆነ መስመሩ በጫፍ ላይ ስለቆመ ትንሽ ለውጥ ይጥለዋል። 3 ዲሲቤል መቀነስ ማለት የብርሃኑን ግማሽ ማጣት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዚህ ሁኔታ ዋናው ተጠርጣሪ ቆሻሻ ነው። የክሩ እምብርት ስፋት 9 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ሊሸፍነው ይችላል። የኮኔክተሩን (የገመዱን መሰኪያ) ጫፍ በጣት መንካትም በአፍ እፍ ማለትም ያባብሰዋል፤ መጽዳት ያለበት ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ፣ ወይም ክር በማይተው ጨርቅና በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። የጨረሩ ሞገድ ለዓይን ስለማይታይ፣ የተነቀለን ጫፍ «ይበራ እንደሆነ» ብሎ በዓይን መመልከት አደገኛ ነው። አረንጓዴ ኮኔክተር ጫፉ በ8 ዲግሪ የተቆረጠ ሲሆን ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ቢገጥሙም በመካከላቸው ክፍተት ስለሚቀር ብዙ ብርሃን ይባክናል። ገመድ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ሳያይ ባይገዛ ይሻላል።

ሎስ ጠፍቶ «ፖን» ብቻ ብልጭ ድርግም ሲል

«ፖን» ሞደሙ ከጣቢያው ጋር መገናኘቱን የሚያሳየው መብራት ነው፤ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ደርሷል፣ ጣቢያው ግን መሣሪያውን አልተቀበለውም። ሞደሙ በቅርቡ ከተቀየረ መለያ ቁጥሩ አልተመዘገበም ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ መፍትሔው ያለው በአገልግሎት ሰጪው እጅ ነው።

ብርሃኑ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ሲያንስ

ኮምፒውተሩን በላን ኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ መለካት ያስፈልጋል። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ካነሰ ፋይበሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የግድግዳው ወይም የተጨናነቀው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። በኬብልም ከ95 ሜጋቢት አካባቢ አልፎ የማይሄድ ከሆነ፣ ከአራቱ የሽቦ ጥንዶች አንዱ ስለተበጠሰ ግንኙነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ ኬብሉን ቀይሮ መሞከር ይገባል።