ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ እርዳታ ፍለጋ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«አንተ» እያልኩ የምጽፈው ስለሚቀለኝ ነው እንጂ ለአንቺም ነው። ደሞ አሁን በዚች ሰዓት ራስህን ልትጎዳ እንደምትችል ከተሰማህ ማንበቡን ተወውና አጠገብህ ላለ ሰው «ብቻዬን አትተወኝ» በል፣ ወይ ያለህበት አገር የድንገተኛ ስልክ ደውል፣ ወይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ይሄን በኋላ ትመለስበታለህ።

ከሁሉም የባሰው ስህተት በቅኔ ማውራት ነው። «ደክሞኛል» እንላለን፣ «ሁሉም ነገር አስጠላኝ»፣ «እኔ ባልኖር ለሁላችሁም ይቀላችሁ ነበር»፣ ሰሚው ሰሙን ብቻ ይዞ «ትንሽ ተኛበት ይለቅሃል» ይላል፣ እኛ ደሞ ቤት ገብተን «ነገርኳቸው እኮ፣ ማን ግድ አለው» ብለን በር እንዘጋለን። አልነገርካቸውም! ወርቁ «ራሴን ስለማጥፋት እያሰብኩ ነው» የምትለዋ ናት፣ እሷን ሳትሰማ ማንም አይገምትም። አፍህ እምቢ ካለህ ቴክስት አድርጋት፣ ወይ ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጥ። ከዛ ምን እንደምትፈልግ ጨምርበት፦ «ምክር አልፈልግም፣ ዛሬ ማታ ብቻ አብረኸኝ እደር»፣ «ስልክ ማንሳት አቅቶኛል፣ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝልኝ»። ሰው የሚደናበረው ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማያውቅ ነው፣ የሚሠራው ነገር ሲሰጠው ግን አብዛኛው ይረጋጋል።

ሁለተኛው የመጀመሪያው ሰው ሳይገባው ሲቀር ሁሉም ሰው እንደዛ ነው ብሎ መደምደም። እኔ መጀመሪያ የነገርኩት ጓደኛዬ ሳቀ። አዎ ሳቀ። ከድንጋጤ እንደነበር የነገረኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ ያኔ ግን ስድስት ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፣ ያ ስድስት ወር እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከመናገርህ በፊት የሦስት ሰው ስም ጻፍ፣ አንዱ ቢስቅ፣ ቢቆጣ፣ ቢሰብክህ፣ ወደ ሁለተኛው ትሄዳለህ። ባለሙያም እንደዛው ነው፣ ከአንዱ ቴራፒስት ጋር ካልተግባባህ ሌላ መሞከር ነውር የለውም።

«እኔ እኮ ገና አልባሰብኝም፣ የሆትላይን ሰዎችን ጊዜ አላባክን» የሚለውም አለ። ሆትላይን ማለት የተጨነቀ ሰው ደውሎ የሚያወራበት ስልክ ነው፣ ለመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ቻድ ቫራ የሚባል ቄስ በፈረንጆቹ 1953 ሳማሪታንስ የሚባለውን የስልክ አገልግሎት ሲጀምር ሐሳቡ የተጨነቀ ሰው የሚያዳምጠው ሰው እንዲያገኝ ነበር፣ ዛሬም እንግሊዝ ያለ ሰው 116 123 ደውሎ ማውራት ይችላል፣ አሜሪካ ደሞ ከ2022 ጀምሮ 988 መደወልም ቴክስት ማድረግም ይቻላል። ሌላ አገር ከሆንክ ፋይንድ ኤ ሄልፕላይን የሚባለው ድረ ገጽ በየአገሩ ያሉትን ሰብስቦ ያሳያል። አንድ ነገር ግን፣ ቁጥሩን ደህና በሆንክበት ቀን ሞክረህ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጠህ ስልክህ ላይ ሴቭ አድርገው፣ በጭንቅ ሰዓት ቁጥር መፈለግ አይሆንም።

ሐኪም ፊት መደበቅ። «ከነገርኩት ይዘው ያስተኙኛል» ብለን እንፈራለን። ሐሳቡ ስለመጣብህ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ አያስተኙህም፣ የሚጠይቁህ እቅድ አለህ ወይ፣ መቼ አስበሃል፣ ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ፣ ቤት ማን አለ የሚሉትን ነው፣ በመልስህ ነው እርዳታውን የሚለኩት፣ እና ግማሹን ከደበቅክ የግማሽ እርዳታ ይዘህ ትመለሳለህ። የዲፕሬሽን መድኃኒት ካዘዙልህ ደሞ በሦስት ቀን አልሠራም ብለህ አትጣለው፣ ለውጡ እስኪታይ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በተለይ ከ25 ዓመት በታች ከሆንክ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐሳቡ ሊብስ ስለሚችል (የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2004 ለልጆች፣ በ2007 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል) ከባሰብህ በራስህ ሳታቋርጥ ወዲያው ለሐኪሙ ደውል።

ጓደኛን «ለማንም አልናገርም ብለህ ማልልኝ» ማለትም ስህተት ነው፣ ምስኪኑን ብቻውን ሸክም ታሸክመዋለህ። «ከአንተ ሌላ ማን ቢያውቅ ይሻላል?» ብለህ አብራችሁ ምረጡ።

ሌላው በጣም ቀላል የሚመስለው ነገር ነው፦ ራስህን ልትጎዳበት ያሰብከውን ነገር እቤት አስቀምጦ በፍላጎት ጥንካሬ ብቻ ለማለፍ መሞከር። ሐሳቡ እንደ ትኩሳት ነው፣ ይነሳል፣ ደሞ ይበርዳል፣ ሲነሳ ግን ነገሩ እጅህ አጠገብ መኖር የለበትም፣ ስለዚህ ለምታምነው ሰው አሳልፈህ ስጥ። መጠጥም እንደዚሁ፣ ለሰዓት ያደነዝዛል ከዛ መቆጣጠሪያህን ይዞብህ ይሄዳል። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የሚባሉ ባለሙያዎች ለዚሁ ሰዓት የምትሆን ስድስት ደረጃ ያላት አጭር ፕላን ሠርተዋል፦ ሐሳቡ ሊመጣ ሲል የሚታወቁህ ምልክቶች፣ ብቻህን የምታደርገው የሚያረጋጋ ነገር፣ ሐሳብህን የሚያስቀይሩ ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዳታ የምትጠይቃቸው ሰዎች፣ ባለሙያዎች፣ መጨረሻ ላይ ቤቱን ከአደጋ ነጻ ማድረግ። ወረቀት ላይ የሚጻፍ ነገር ምን ይፈይዳል ብዬ ነበር እኔም። በፈረንጆቹ 2018 በወጣ ጥናት ግን ድንገተኛ ክፍል ከመጡ 1,640 ሰዎች ውስጥ ፕላኑን ሠርተው በስልክ ክትትል የተደረገላቸው በቀጣዮቹ 6 ወራት ራስን የማጥፋት ሙከራና መሰል ድርጊት ከሌሎቹ በ45 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ምልክቶቹን ራስህ ጻፋቸው፣ የኔ ለምሳሌ ስልክ አለማንሳትና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መንቃት ነው።

የመጨረሻው፣ ትንሽ ሻል ሲል ቀጠሮ መሰረዝ። ከሆስፒታል የወጡባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አደጋው ከፍ የሚልባቸው ናቸው፣ እኛ ግን «አሁንማ ዳንኩ» ብለን የምንጠፋው ልክ ያኔ ነው። እኔ ሦስተኛውን ቀጠሮ ሥራ በዛብኝ ብዬ ሰረዝኩት፣ ውሸቴን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሼ ደወልኩና እያፈርኩ «ቦታ ይኖራል?» አልኩ፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ለምን ቀረህ እንኳን አላለችኝም፣ «ሐሙስ ጠዋት ይመችሃል?» ነው ያለችኝ።