ጀርመን አሳማ አደን ለተጋበዛችሁ

ጀርመን ያለ ዘመድ «ኅዳር ላይ ናና የዱር አሳማ አደን እንሄዳለን» ካላችሁ፣ መጀመሪያ ጠብመንጃውን እርሱት። «መንዝ ተወልጄ ስለ ተኩስ ልትነግረኝ?» እዚያ አይሠራም። ያለ አደን ፈቃድ መተኮስ ክልክል ነው፣ ለፈቃዱም ፈተና አለ። አሳማውን ከጫካ እያባረሩ ለማውጣት ግን ፈቃድ አይጠየቅም። የጣርማ በርን ዳገት ለለመደ እግር ምንም አይደል።

ዋናው ነገር ልብስ ነው። ብርዱን እኛ ደብረ ብርሃኖች እናውቀዋለን፤ ጉዳዩ ቀለሙ ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ሳትለብሱ እንዳትገቡ። ጥቁር ጃኬት ለብሶ ቁጥቋጦ ውስጥ ያጎነበሰ ሰው ከሩቅ አሳማ ይመስላል፣ ቀልዴን አይደለም። ጥሩምባው ተነፍቶ አደኑ ማለቁ ሳይነገርም ከቦታችሁ ወይም ከመስመራችሁ አትውጡ።

ስትጨርሱ ጫማችሁን በብሩሽ ፈግፍጋችሁ እጠቡ። የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የጀርመን የዱር አሳማዎች ውስጥ ገብቷል። ሰው አይዝም፣ ግን በጭቃና በደም ተጣብቆ ይሄዳል። ሥጋውን ሻንጣ ውስጥ መክተትማ አይታሰብም፤ መቼም የኛ ሰው በዚህ አይታማም።

አደኑ ከኅዳር 15 በኋላ ከሆነ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ማታ የሚቀርበው ሥጋ ስለሆነ ቆሎና በሶ ያዙ።