ከግራቪሊያ ግንድ ውስጠ ባዶ የጌጥ ማሰሮ በቶርኖ እንዴት ይሠራል?

ግራቪሊያን የማያውቅ የለም። ከምሥራቅ አውስትራሊያ መጥቶ በየጊቢው አጥር ጥግና በየቡና ማሳው ጥላ ሆኖ ቆሟል። እንጨቱን ቶርኖ (እንጨት እያዞረ የሚያስፍቅ ማሽን) ላይ አስሮ ያየ ሰው ግን ብዙ አይደለም። ዋንዛ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ቀስ ማለት አለበት። አሠራሩ ለሌላ ላልለመዳችሁት እንጨትም ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ ቶርኖ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ በጎድጓዳ ሳህን ጀምሩ። አፈ ጠባብ ዕቃ ሲሠራ ውስጡ አይታይም፤ የሚሠራው በእጅ ስሜትና በጆሮ ነው።

መጀመሪያ ከእንጨቱ ጋር መተዋወቅ

አዲስ እንጨት ሲገጥማችሁ ቀድማችሁ አጣሩ፤ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ቅንጭብና ቁልቋል ለምሳሌ ወተታቸው ዐይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ባይነኩ ይሻላል። ግራቪሊያም የዋዛ አይደለም። ሰጋቱራው አንዳንድ ሰው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። ስለዚህ እጅጌው አንጓ ላይ ጥብቅ ያለ ልብስ ልበሱ፤ የአቧራ ማስክና ሙሉ የፊት መከላከያ አድርጉ። ጓንት ግን በጭራሽ! የሚዞር እንጨት ጓንት ከያዘ ጣትም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ትንሽ ቁራጭ አስራችሁ ሞክሩት። ፍቅፋቂው ረጅም ሆኖ ይወጣል ወይስ እንደ ዱቄት ይበናል? ቃጫው ይነሳል? በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል? አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ ትልቁን ግንድ ከማበላሸት ያድናል።

ግንዱን መቁረጥ

የአጥር ዛፍ ከነበረ ውስጡ ምስማር ወይም ሽቦ ሊኖር ይችላል። ማግኔት አስጠግታችሁ ዙሪያውን ፈትሹ።

ዋናው ጉዳይ የግንዱ እምብርት ነው። እምብርቱን መሃል ላይ ያደረገ ማሰሮ ሲደርቅ ከታቹ ይሰነጠቃል። ግራቪሊያ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የዚህ እንጨት ውበት እንደ ዳንቴል የሚያብረቀርቀው ነጠብጣቡ ነው። ያ ነጠብጣብ በደንብ የሚወጣው እንጨቱ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ በሚሄደው አቅጣጫ ሲቆረጥ ነው። እምብርቱን መሃል ካስቀመጣችሁት ዙሪያውን ሁሉ ደብዛዛ ይሆናል። ስለዚህ ግንዱን ለሁለት ሰንጥቁና ማሰሮውን ከአንዱ ግማሽ አውጡ፤ እምብርቱ ቁራጩ ውስጥ አይግባ። ያኔ ዳንቴሉ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ላይ ይወጣል። የቁራጩን ሁለት ጫፎች ወዲያውኑ ሰም ወይም ኮላ ቀቡ፤ ውሃው ቶሎ የሚያመልጠው በጫፍ በኩል ነውና።

ውጪውን ማውጣት

15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ለመጀመሪያ ይበቃል። ቁራጩን በቶርኖው ሁለት ሹል ጫፎች መካከል እሰሩና በደቂቃ ከ500 እስከ 600 ዙር ጀምሩ። ክብ ሆኖ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ወደ 1000 ከፍ አድርጉት። በታች በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አጭር ክብ ጉጥ አውጡ፤ የቶርኖው መንጋጋ የሚይዘው እሱን ነው። ጉጡ መንጋጋው ውስጥ እስከ መጨረሻው አይድረስ፤ የማሰሮው ሥር መንጋጋው ጠርዝ ላይ መቀመጥ አለበት።

አሁን በመንጋጋው እሰሩና ቅርጹን ጨርሱ። ሁልጊዜ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ፋቁ። ውጪው ካላማረ ውስጡን አትንኩ።

ውስጡን መቦርቦር

መሃሉን በ25 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። ፑንታው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉ፤ ከታች ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይቅር። አፉን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አስፉት። ከዚህ የሚጠብ አፍ ያምራል፤ ግን ለሚቀጥለው ይቆያችሁ።

ከዚያ ጫፉ ቆልመም ባለ የመቦርቦሪያ መሣሪያ ከመሃል ወደ ውጪ ፋቁ። የመሣሪያው ጫፍ ከመሃል መስመሩ ትንሽ ከፍ ይበል። መሣሪያው ወደ ውስጥ በራቀ ቁጥር ይንቀጠቀጣልና ትንሽ ትንሽ ብቻ ንከሱ። ድምፁ ከተቀየረ አቁሙ፤ ወይ ግድግዳው ሳስቷል ወይ መሣሪያው ደንዟል። በየደቂቃው ሞተሩን አጥፉና ሰጋቱራውን አራግፉ። ውስጥ ከታጨቀ መሣሪያውን ይቆነጥጠዋል። ቶርኖው እየዞረ ጣት ማስገባት አይታሰብም።

እርጥብ ግንድ ከሆነ አሁን ግድግዳውን 1.5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ተዉት። ይህ ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ነው። ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱና ነፋስ በሌለበት አስቀምጡ። በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እዚህ ላይ አቋራጭ የለም።

መጨረስ

ሲደርቅ ክብነቱ ይጣመማል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከቁርጥራጭ እንጨት ሾጣጣ ቡሽ ሠርታችሁ አፉ ላይ ግጠሙ፤ ጉጡን በሌላው ጫፍ ሹል ደግፉና እንደገና ክብ አድርጉት። ከዚያ በመንጋጋ እሰሩና ውጪውን፣ ቀጥሎ ውስጡን ጨርሱ። ግድግዳው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከአፉ ጀምራችሁ የላይኛውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳትጨርሱ ወደ ታች አትውረዱ፤ የሳሳ ግድግዳ ተመልሰው ሲነኩት ይርገበገባል። ዳንቴሉ ያለበት ቦታ ቃጫው ቶሎ ስለሚነሳ መሣሪያውን አሁን ሳሉት።

የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር በቅደም ተከተል 120፣ 180፣ 240፣ 320 ይሁን። እንጨቱ እስኪግል አትፈትጉት፤ ሙቀት ቀጭን ስንጥቅ ያመጣል።

ጉጡን ለማስወገድ ማሰሮውን እንደገና በሾጣጣው ቡሽ ደግፉና ታቹን ትንሽ ጎድጎድ አድርጉ፤ ያኔ ሲቀመጥ አይወዛወዝም። የቀረችውን ጉጥ በመጋዝ ቁረጡና በመሮ አስተካክሉ።

ለቅባት የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡ፤ ትርፉን ጥረጉ። ቀለሙን ያሞቀዋል። ቀናት ወስዶ ሲደርቅ ሰም ይከተላል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ማሰሮው ውሃ አይያዝበትም፤ ደረቅ አበባ ይበቃዋል።